ከወንዱ ናራ ሥር

«ለስንት ሰው ልመዝግብ?» አለቻት የጉዞ ቢሮዋ ልጅ።

«ለአንድ።»

«ብቻዎን ነዎት?»

ኤልፍሪዳ ኡይሴስ ገንዘቡን ቆጥራ አቀረበችላት። አንድ ማለት ስንት እንደሆነ ለተማረች ልጅ ማስረዳት የእሷ ሥራ አይደለማ! ልጅቷም ክፉ ሆና አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው። ዋልቪስ ቤይ ወደብ ዳር ወደተደረደሩት ወደእነዚያ ቢሮዎች የአሸዋውን ተራራና የባሕሩን ዳር ልይ ብሎ የሚመጣው ፈረንጅ ነው፤ እሱም ሁለት ሁለት እየሆነ። ከኩይሴብሞንድ ሰፈር ተነስታ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ በዓሣ ፋብሪካ ቢላዋ የተተለተሉ ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «የሙሉ ቀኑን ጉዞ ስጪኝ» ያለች የናማ ጎሳ አሮጊት ልጅቷ አይታ አታውቅም።

ጎረቤቷ ዶርቴያማ ስትሰማ በሳቅ ልትሞት ምንም አልቀራት።

«አሸዋ ለማየት ትከፍያለሽ? ነይ የኔን በረንዳ ጥረጊ፣ በነፃ አሳይሻለሁ!»

«ጠርገሽው የማታውቂውን በረንዳ?»

«ለካ የሳጋሪያስን የጀልባ ሞተር የሸጥሽው ለዚህ ነው! ሰውዬው ቢሰማ ከመቃብሩ ተነስቶ ነው የሚቆጣሽ።»

«ይነሳና ይቆጣኛ» አለች ኤልፍሪዳ። «እኔስ መች ጠላሁ።»

ዶርቴያ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ባሏ ሳጋሪያስ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ከዚያ ወዲህ ኤልፍሪዳ ምሳዋን ምድጃው አጠገብ ቆማ ከድስቱ ነው የምትበላው፤ ለአንድ ሰው ምን ገበታ ይዘረጋል ብላ።

ለዶርቴያ ያልነገረቻት ነገር ነበር። ለማንም አልነገረችም። ሳጋሪያስ ትንፋሹ እየተቆራረጠ በተኛበት አልጋ ላይ እጇን ያዘና፣ ዕድሜውን ሙሉ አፉን ዘግቶ የኖረበትን ነገር ተናገረ።

«ልጁን የቀበርኩት ከወንዱ ናራ ሥር ነው» አላት። «ነፋስ ከማይደርስበት ወገን። መቅዘፊያዬን ሰብሬ ተከልኩበት። ድንጋይ አጣሁ፣ ኤልፍሪዳ። ያንን ሁሉ አሸዋ ዞሬ አንድ ድንጋይ አጣሁ።»

ልጁ የተወለደው ሳንድዊች ሃርበር፣ የአሸዋው ተራራ ቁልቁል ወርዶ ከባሕሩ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ፣ ሳጋሪያስ ዓሣ ከሚያደርቅባት ጎጆ ውስጥ ነው። ኤልፍሪዳ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር። ልጁ ያለጊዜው መጣ፤ አንዲት ሌሊት አደረና ጉሙ ሳይገፈፍ ሄደ። እሷንም ደም እየፈሰሳት ዓሣ ሊገዛ በመጣ መኪና ጭነው ሐኪም ቤት አደረሷት። ሳጋሪያስ ለመቅበር ቀረ። ከሐኪም ቤት ስትወጣ ዕቃውን ጠቅልሎ ከተማ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ውሰደኝ ብትለው «አሸዋው በልቶታል፣ ምን ታያለሽ?» ይልና ቆቡን አንስቶ ይወጣል። ስንቱን ዓመት ለዚህ አኩርፋዋለች! ለካ ሰውዬው ያፈረው መቃብሩ ድንጋይ ስለሌለው ኖሯል።

በእነሱ ዘንድ ደግሞ መቃብር ባዶ እጅ አይኬድም። የመጣ ሁሉ ድንጋይ ይጥላል፤ ድንጋይ ያልተጣለለት ሟች ጠያቂ የሌለው ነው። ሌላም ወግ አላቸው፤ ሴት ልጅ የአባቷን ቤተሰብ ስም ትወርሳለች፣ ወንድ ልጅ የእናቱን። ልጁን ኤፍራይም ብላዋለች፤ በአባቷ። ኤፍራይም ኡይሴብ። ለሴት ኡይሴስ የሚባለው ለወንድ ኡይሴብ ነው። ከእሱ ሌላ አልወለደችም። ወንድሞቿም እህቶቿም አልፈዋል። እንግዲህ በዚህ ሰፊ ዓለም ላይ ስሟን የወረሰ ያ አንዲት ሌሊት ያደረ ልጅ ብቻ ነው፤ ተኝቶ ያለውም ማንም «ኤፍራይም» ብሎ ሳይጠራው ነው።

ወንዱ ናራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳጋሪያስ አላብራራላትም፤ ማብራራትም አላስፈለገውም። ናራ አሸዋ ላይ የሚበቅል እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ሴቷ ሐብሐብ የመሰለ ፍሬ ታፈራለች፤ እያንዳንዷም ባለቤት አላት፣ ከእናት ለልጅ ትተላለፋለች፣ የሰው ናራ የነካ ጠብ ፈለገ ማለት ነው። ወንዱ ግን ማበብ እንጂ ማፍራት አያውቅም። ባለቤት የለው፣ ለቃሚ የለው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየው። ሳጋሪያስ ልጁን እግር እንዳይረግጠው ብሎ ነው እዚያ ያስቀመጠው። እሷ ግን ሌሊት ሌሊት ጣሪያውን እያየች የምታስበው ሌላ ነው። ማንም አይደርስበትም ማለት እኮ ማንም የለውም ማለት ነው! ነፋስና ቀበሮ ብቻ።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ከተማውን ጉም ውጦት ነበር። ኤልፍሪዳ በቦርሳዋ ውስጥ ሦስት ነገር ይዛ ወጣች፤ በዘይት የጠበሰችው ሊጥ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ከኩይሴብ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ የለቀመችው ጡብ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ።

አስጎብኚው ታንጌኒ ይባላል፤ ከሰሜን የመጣ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ ሰፊ ባርኔጣ የሚደፋ፣ ምላሱ የማያርፍ የኦቫምቦ ጎሳ ሰው ነው። መኪናው ውስጥ አንድ አዛውንት ጀርመናዊ ከሚስቱ ጋር፣ ከኬፕታውን የመጡ አዲስ ሙሽሮችም ተቀምጠዋል። ሁሉም ሁለት ሁለት። ለእሷ የቀረላት መኪናውን ከሚነዳው ከታንጌኒ አጠገብ ያለው መቀመጫ ነበር።

«ኡማ፣ ቦርሳዎን ከኋላ ላስቀምጥልዎ» አላት ታንጌኒ። እዚያ አገር አሮጊት ሁሉ ኡማ ናት። ሲያነሳው ትከሻው ዝቅ አለ። «ምን አባቱ ነው? ወርቅ ነው የያዙት?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ! ኧረ ኡማ፣ እኔ በዚህ ሥራ የማየው ከበረሃው ድንጋይ ሰርቆ የሚወጣ ሰው ነው። ይዞ የሚገባ ገና ዛሬ አየሁ።»

«አየህ አይደል፣ በቃ» ብላ ቦርሳዋን ተቀበለችውና ጭኗ ላይ አደረገችው።

ከጨው ማምረቻው ኩሬዎች አልፈው፣ ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎች በአንድ እግር ከቆሙበት ረግረግ አልፈው፣ የባሕሩን ዳር ይዘው ወደ ደቡብ ወረዱ። ታንጌኒ ወርዶ ጎማውን አስተነፈሰ፤ ያለዚያ አሸዋው መኪናውን ይውጠዋል። በግራ ተራራ የሚያህል አሸዋ፣ በቀኝ ባሕር፣ መሃል ላይ መኪና የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ። ባሕሩ ሲሞላ መንገዲቱ ትጠፋለች።

በየቦታው እየቆሙ ወረዱ። በየቦታው ፎቶ ተነሱ። ሙሽራይቱ በሁለተኛው ቦታ ላይ ስልኳን ይዛ ወደ ኤልፍሪዳ መጣች።

«ኡማዬ፣ እባክሽ አንዴ አንሺን።»

አነሳቻቸው። ጀርመኖቹም ካሜራቸውን ሰጧት፤ እነሱንም አነሳቻቸው። ከዚያ በቃ፣ ሥራዋ ሆኖ አረፈው። ሽቅብ አሸዋው ላይ ተቃቅፈው፣ ቁልቁል እየተንሸራተቱ፣ እየተሳሳሙ፤ ኤልፍሪዳ አንድ ዓይኗን ጨፍና ቁልፉን ስትጫን አረፈደች። አንቺስ ያላት ሰው የለም። ሙሽራው አንድ ጊዜ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር መሰለኝ፤ ሚስቱ ጠራችውና ረሳው።

«ከማን ጋር ነበር ሊመጡ ያሰቡት?» አላት ታንጌኒ እየነዳ።

«ከማንም።»

«ልጆች የሉዎትም?»

«አንድ አለኝ።»

«ታዲያ አብሮዎት ቢመጣስ?»

«እሱ ቀድሞኛል» አለችው፤ ታንጌኒ አልገባውም፣ እሷም ልታስገባው አልፈለገችም። መስኮቱን ዝቅ አደረገች። የባሕሩ ሽታ ያው ነው። እሱ ብቻ አልተለወጠም።

ረፋዱ ላይ ጉሙ ገፈፈና ሳንድዊች ሃርበር ደረሱ። ኤልፍሪዳ ከመኪናው ወርዳ ቆመች። ጎጆዋ የለችም። ዓሣ የሚሰቀልበት እንጨት የለም። ሐይቁም ያኔ የነበረበት አይደለም፤ ውኃው አሸዋውን ገፍቶ፣ አሸዋውም ውኃውን ገፍቶ፣ አገሩ ሌላ አገር ሆኗል። ሞኝ፣ አለች ራሷን። አሸዋ እንደሚሄድ አንቺ አታውቂም ነበር? ማን ሊያስቀምጥልሽ ኖሯል?

«ምሳ እስኪቀርብ የፈለጋችሁበት ዙሩ» አለ ታንጌኒ። «ግን ሩቅ አትሂዱ፤ ባሕሩ ከመሙላቱ በፊት መውጣት አለብን።»

ቦርሳዋን አቅፋ ሄደች። አሸዋው ላይ ወዲያና ወዲህ ጉብ ጉብ ያሉ ናራዎች አሉ። ናራ ሥሩ ጥልቅ ነው፣ አሸዋው ሲከመርበት እሱም አብሮ ሽቅብ ያድጋል፤ ተስፋዋ ሁሉ ይኸው ነበር። የመጀመሪያው ጋ ደረሰች። ሥሩ ቀበሮ የጋጠው የፍሬ ልጣጭ ወድቋል፤ ሴት ናት። ሁለተኛው ደርቆ አጽም ሆኗል። በጉልበቷ ተንበርክካ አሸዋውን በእጇ ዛቀች፤ መቅዘፊያ የለም፣ ምንም የለም። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ትንፋሿ አለቀ፤ እሱም ፍሬ አለበት። ነፋሱ ተነስቶ ዓይኗ ውስጥ አሸዋ ይበትን ጀመር።

«ኡማ!» አለ ታንጌኒ ከሩቅ፣ እጁን እያውለበለበ። «ይምጡ ይብሉ! ሰዓት የለንም!»

ያኔ ነው ማልቀስ ያማራት። ጮክ ብላ ሳይሆን እንዲያው በውስጧ። ስንት ዘመን ቆይታ መጥታ፣ የሳጋሪያስን ሞተር ሸጣ መጥታ፣ የልጇን መኝታ ለመፈለግ የተሰጣት ጊዜ ሰው ምሳ እስኪያቀርብ ነው። ድንጋዩን ከነዚህ ናራዎች ባንዱ ሥር ልጣለውና ልገላገል ብላ አሰበች። ግን የማን ላይ? የሰው መቃብር ላይ ቢሆንስ? ባዶ አሸዋ ላይስ ቢሆን? አልቻለችም። ድንጋዩን ተሸክማ ተመለሰች።

ታንጌኒ ጠረጴዛውን የዘረጋው ከአንድ ትልቅ ጉብታ ሥር ነበር፤ እዚያ ነፋስ የሚባል ነገር የለም፣ ሻማ ብታበራ አይጠፋም። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ከነዛጎሉ የቀረበ ኦይስተር የሚሉት የባሕር ፍጥረት፣ ሎሚ፣ አረፋ የሚያወጣ ወይን። ሙሽሮቹ ብርጭቆ እያጋጩ ይስቃሉ። ኤልፍሪዳ ከጥግ ተቀምጣ የራሷን ጥብስ ሊጥ አወጣች፤ ቆርሳ መልሳ አስቀመጠችው።

«እንግዲህ ደንቡን ልንገራችሁ» አለ ታንጌኒ፣ ሁልጊዜ የሚያስቅበትን ቀልድ ሊጀምር እጆቹን እያፋተገ። «ሽንት ቤታችን ባለ አምስት ኮከብ ነው። ሴቶች ከመኪናው ወዲያ። ወንዶች ከዚህ ቁጥቋጦ ጀርባ። እሾሁን ብቻ ተጠንቀቁ፣ አደራ፣ በተለይ ሙሽራው!»

ሁሉም ሳቁ። ሙሽራው እየሳቀ ተነሳ። ኤልፍሪዳ በዓይኗ ተከተለችው፤ ከራሳቸው በላይ ያለውን ቁጥቋጦ ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችው። ከላይ እስከ ታች አብቧል። አንድም ፍሬ የለበትም። ሥሩም ልጣጭ የለም። ዓይኗ ቁልቁል ወረደ። የታንጌኒ ባርኔጣ የተሰቀለው አሸዋ ውስጥ ከቆመ እንጨት ላይ ነው። የጀርመኗ ሴትዮ ሹራብም እዚያው ተንጠልጥሏል። እንጨቱ ጨው በልቶት ነጥቷል፣ ጫፉ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ጠፍጣፋው ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ የመንጠቆ ምልክት አለ። ሳጋሪያስ በዕቃው ሁሉ ላይ የሚተኩሰው መንጠቆ። እቤቷ ያለው የእንጨት ማንኪያ ላይ ሳይቀር አለ።

«እዚያ እንዳትሸና!»

በገዛ ቋንቋዋ ነው የጮኸችው፤ በናማ። ቃሉ ለማንም አልገባም፣ ግን ሁሉም ባለበት ደርቆ ቀረ። ሙሽራው እጁ ቀበቶው ላይ እንዳለ ቆመ። ኤልፍሪዳ ወንበሯን ገልብጣ ተነስታ ነበር።

«ውረድ ከዚያ! አንተ ባለጌ፣ ውረድ!» አሁን በሚገባቸው ቋንቋ ነው። «ልጄ ላይ ነው የቆምከው!»

ሙሽራው ምስኪን ምን ያውቃል፤ እየተደናቀፈ ወረደ። ታንጌኒ መጀመሪያ ወደ እሷ፣ ከዚያ ወደ እንጨቱ አየ። ቦርሳዋን ከፍታ ጥቁሩን ድንጋይ ስታወጣ ገባው። ሄዶ ባርኔጣውን አነሳ። ሹራቡን አነሳ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ።

«በእግዚአብሔር ስም፣ ኡማ፣ አላወቅሁም» አለ በመጨረሻ።

ኤልፍሪዳ ተንበረከከች። ድንጋዩን ከመቅዘፊያው ሥር አስቀመጠች፤ አሸዋው እንዳይውጠው በእጇ ጠበቅ አድርጋ ተጫነችው። «ኤፍራይም» አለች። «ኤፍራይም ኡይሴብ። እኔ ነኝ። ዘገየሁ አይደል? አባትህ ድንጋይ አጥቶ ነው እንጂ ረስቶህ አይደለም፤ እኔ አምጥቼልሃለሁ።» ከዚያ አለቀሰች፤ እንደ ልቧ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል። ሙሽራይቱም ታለቅስ ጀመር። ጀርመናዊቷ የበላችበትን የኦይስተር ዛጎል አንስታ ከድንጋዩ አጠገብ ልታኖር ስትጠጋ፣ ኤልፍሪዳ እጇን መለስ አደረገችው። «ተይው እቴ። የበላሽበትን አይደለም።» ሴትዮዋ አልተቀየመችም።

ባሕሩ መሙላት ጀምሮ ነበር። ታንጌኒ ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ፣ ሰዓቱን በሸሚዙ እጅጌ ሸፈነው። ሌሎቹን ወደ መኪናው ወስዶ፣ ተመልሶ መጣና ከአጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ከነገ ጀምሮ ጠረጴዛዬን ወዲያ አደርጋለሁ» አላት። «ነፋሱ ቢበላንም ይብላን። ለሌሎቹም አስጎብኚዎች እነግራለሁ። ማንም እዚህ አይደርስም፣ ኡማ፤ ቃሌ ነው።»

ኤልፍሪዳ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ስንት ጊዜ ነው እዚህ የምትበሉት?»

«እንግዲህ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ፣ በየቀኑ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬም እዚሁ ነበር የሚዘረጋው። ባሕሩ ሞልቶ መንገድ ካልዘጋብን በቀር በየቀኑ ነው።»

«በየቀኑ?»

«ይቅር በይኝ፣ እናቴ።»

«ትስቃላችሁ?»

ታንጌኒ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «ሰው ለመዝናናት ነው የሚመጣው፣ ኡማ። ይስቃል። አንዳንዱም ሞቅ ሲለው ይዘፍናል። ልጆች ይዘው የሚመጡም አሉ፤ ይሯሯጣሉ።»

ኤልፍሪዳ መቅዘፊያውን በመዳፏ ዳበሰች። ያን ሁሉ ሌሊት ጣሪያ እያየች ነፋስና ቀበሮ ብቻ ያለው አድርጋ ስታስበው፣ እሱ ሲሳቅለት፣ ሲዘፈንለት፣ ልጆች ሲሯሯጡበት ውሏል። ብቻውን አልነበረም። ብቻዋን የነበረችው እሷ ናት።

«ገበታህን አታንሳ» አለችው።

«ምን?»

«አታንሳ አልኩህ። እዚሁ ብሉ። ሽንታችሁን ብቻ ወዲያ በሉ! ባርኔጣህንም ከፈለግህ ስቀል፣ አባቱም ቆቡን የትም ነበር የሚሰቅለው። ስትመጣ ግን ደህና ዋልክ ወይ ኤፍራይም በለው። ስሙን የሚጠራው የለም።»

ታንጌኒ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ሲመለሱ መንገዲቱ በውኃ ተዘግታ ስለነበር በአሸዋው ተራራ ላይ ዞረው ነው የገቡት። ሙሽሮቹን ሆቴላቸው፣ ጀርመኖቹን ሆቴላቸው አወረደ። ኤልፍሪዳን ኩይሴብሞንድ ድረስ ወስዶ በሯን እስክትከፍት ቆመ። ቤቱ ትታው እንደሄደችው ነበር። ቦርሳዋ ቀልሎ ግር አላት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከድስቱ ልትበላ ቆማ ሳለች ሰዓቱን አየችው። አሁን ደርሰዋል፣ አለች። አሁን ጨርቁን እያነጠፈ ነው። አሁን ባርኔጣውን ሰቀለ፤ ደህና ዋልክ ወይ ኤፍራይም አለው። ሳህን አወጣች፣ ወንበር ሳበች፣ ቁጭ ብላ በላች። ከዚያ ወዲህ ምሳዋን በዚያ ሰዓት ገበታ ዘርግታ ነው የምትበላው፤ ያለማንም፣ ግን ደግሞ ከሰው ጋር። ዶርቴያ ድንገት እየገባች «ለማነው ይኼ ሁሉ ሥነ ሥርዓት? ሚኒስትር ይመጣል እንዴ?» እያለች ታሾፍባታለች።

የዓሣ አጥማጅ ሚስት ደግሞ ባሕሩ ከልክ በላይ ሞልቶ መንገዲቱን ሲዘጋ የሚውልበትን ቀን አትስትም። እንደዚያ ያለ ቀን የመጣ ጊዜ፣ አስጎብኚዎቹ ሁሉ መኪናቸውን ወደቡ ላይ አቁመው ሲያወሩ እያየች ከገበያ ተመለሰች። በሰዓቱ ሳህኑን አቀረበች፣ ተቀመጠች፣ ግን ማንኪያውን አላነሳችም። ዶርቴያ በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች።

«ዛሬም ብቻሽን ነሽ?»

«እኔስ ለምጄዋለሁ» አለች ኤልፍሪዳ፣ መስኮቱን እያየች። «ዛሬ እሱም ብቻውን ነው።»